ለሳቅ የተሠራው ፊልም እንዴት ጠፋ? በየቤታችን ሣጥን ያለውስ?

ሰው ከሀብቱ ሁሉ ወርቁንና ርስቱን በብርቱ ይጠብቃል፤ የውል ደብዳቤውንና የፍርድ ወረቀቱንም በሣጥን ይቈልፋል። ያሳቀውን ነገር ግን የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነው። ሳቅ በየቀኑ የሚገኝ፣ በገበያም ዋጋ የማያወጣ ስለሚመስል ካለፈ በኋላ የት እንደ ገባ አይጠየቅም። ዛሬ ለተከበሩ አንባቢዎቻችን ለማስረዳት ያሰብነው ነገር ይህ ነው፤ ለሳቅ ተብሎ የተሠራ ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ ይጠፋል፤ ከጠፋ በኋላ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይናፈቃል። ለዚህም ሦስት ምስክሮች እናቀርባለን፤ አንዱ ከእንግሊዝ አገር፣ ሁለተኛው ከራሳችን ከተማ፣ ሦስተኛው ከጸሐፊው ከገዛ ቤተ ዘመዱ የተገኘ ነው። የውጭ አገሩን ዘመን በኤውሮፓ አቈጣጠር፣ የአገራችንን በራሳችን አቈጣጠር ጽፈነዋል።

በልደታ በአንድ ምሽት

በግንቦት ልደታ ዋዜማ በልደታ ሰፈር በሚኖሩት በአክስቴ ቤት ተሰብስበን ነበር። ንፍሮው ተበልቶ፣ ቡናው ሁለተኛ ደርሶ፣ ልጆቹ በእግራችን ሥር ተቀምጠው ሳሉ፣ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ ሰፈር የሚያልፈው የከተማው ባቡር ድምፅ ከሩቅ ተሰማ። ከልጆቹ አንዱ ወደ እኔ ዞሮ «አባባ፣ የባቡር ተረት የለም ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም አሰብሁ። ተረቶቻችን ስለ ጅብና ስለ ጦጣ፣ ስለ ንጉሥና ስለ ባላገር ናቸው፤ ባቡር ግን አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነውና ገና በተረታችን ውስጥ መንበር አላገኘም። ስለዚህ ተረቱን ከእንግሊዞች ተውሼ «የጣረ ሞት ባቡር» የሚባለውን አወራሁላቸው። ነገሩም እንዲህ ነው።

በእንግሊዝ አገር በስተ ምዕራብ በኮርንዎል አውራጃ፣ ፋል ቬይል የምትባል ከከተማ የራቀች አንዲት ትንሽ የባቡር ጣቢያ አለች ይላል ደራሲው። በአንድ የዝናብ ሌሊት ጥቂት መንገደኞች ተከታዩ ባቡር አምልጧቸው በዚህች ጣቢያ ይቀራሉ። ያመለጣቸውም በአንድ ቀልደኛ ወጣት ምክንያት ነው፤ ባርኔጣው በመስኮት ቢበርበት የአደጋውን ገመድ ስቦ ባቡሩን አስቁሞ ነበርና። ከመንገደኞቹ መካከል አዲስ ሙሽሮች አሉ፤ እርስ በርሳቸው የተኳረፉ ባልና ሚስት አሉ፤ በቀቀን በጎጆዋ የያዙ አንዲት አሮጊት ወይዘሪትም አሉ። የጣቢያው ሹም መጥቶ «እዚህ ማደር አይቻልም፤ በዚህ መሥመር ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ባቡር ከድልድዩ ወድቆ ሰዎቹ ሁሉ ሞተዋል፤ ዛሬም በሌሊት ያልፋል፤ ያየውም ሰው ይሞታል» ብሎ ያስጠነቅቃቸውና ጥሏቸው ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ ልጆቹ እስትንፋሳቸውን ይዘው ይሰሙ ጀመር። ወይዘሪቲቱ ለድንጋጤ ማብረጃ ተብሎ ከተሰጣቸው ብራንዲ አብዝተው ጠጥተው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ቀልደኛው ወጣት ደግሞ ሁሉ በተጨነቀበት ሰዓት ሳይቀር ማላገጡን ስላልተወ ሰው ሁሉ ይጠላዋል። በመጨረሻም ባቡሩ እየጮኸ ይመጣል፤ መስኮቱም በብርሃን ይጥለቀለቃል። ያን ጊዜ ያ ሞኝ የመሰለው ወጣት ሽጉጡን ከኪሱ ያወጣል። ለካስ የመንግሥት ወንጀል መርማሪ ኖሯል፤ ባቡሩም የሙታን አይደለም፤ የጦር መሣሪያ በኮንትሮባንድ የሚያሳልፉ ወንበዴዎች ሕዝቡ ፈርቶ መስኮቱን እንዲዘጋ የጣረ ሞቱን ወሬ መሸሸጊያ አድርገውት ነበር።

ልጆቹ እጃቸውን አጨበጨቡ። ወዲያውም ታላቂቱ ስልኳን አውጥታ «እንግዲያው ፊልሙን እንየው» አለች። ችግሩ የመጣው ከዚህ ላይ ነው።

ግማሽ አካሉ የቀረው ፊልም

ይህን ጨዋታ የጻፈው አርኖልድ ሪድሊ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። በ1896 ባዝ በምትባል ከተማ ተወልዶ፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በሶም ጦር ሜዳ በብርቱ ቈስሎ የተመለሰ ወታደር ነበረ። ከጦርነቱ በኋላ አንድ ቀን በብሪስቶል አጠገብ ማንጎትስፊልድ በምትባል ጣቢያ ባቡር አምልጦት ለብዙ ሰዓት ብቻውን ቀረ። በዚያ ሳለ በጎን ባለው መሥመር የሚያልፍ ሌላ ባቡር ድምፅ፣ ዓይን ሳያየው ወደ ጣቢያው የመጣና ያለፈ መስሎ ተሰማው። ከዚያች የብቸኝነት ሰዓት ይህ ጨዋታ ተወለደ። በ1925 በሎንዶን መድረክ ላይ ወጥቶ ከ600 ጊዜ በላይ ታየ። በመድረኩ ላይ ባቡር አልነበረም፤ ከመጋረጃው በስተ ኋላ ሠራተኞች የአትክልት ቦታ መዳመጫ በእንጨት ላይ እያንከባለሉ፣ ቆርቆሮም እያንቀጠቀጡ የባቡር ድምፅ ያሰሙ ነበር። ተመልካቹም ያላየውን ባቡር አየሁ ብሎ ይወጣ ነበር።

በ1931 ዋልተር ፎርድ የሚባል የፊልም አዘጋጅ፣ ጌንስቦሮ በሚባል ኩባንያ ሥር ይህን ጨዋታ ድምፅ ባለው ፊልም ሠራው። ጃክ ሀልበርትና ሲስሊ ኮርትኒጅ የሚባሉ፣ በትዳርም በመድረክም አብረው የሚኖሩ የታወቁ አስቂኞች ተጫወቱበት። ዛሬ ግን ያ ፊልም ሙሉ ሆኖ አይገኝም። እንደሚታወቀው የተረፈው 5 ጥቅል ሥዕልና 2 ጥቅል ድምፅ ብቻ ነው። በዚያን ዘመን የሥዕሉና የድምፁ ፊልም ለየብቻ ይቀመጥ ስለ ነበረ፣ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ዲዳ ሆኖ ይቀራል። አፍ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ቀልዱ ግን አይሰማም። ለሳቅ ለተሠራ ነገር ከዚህ የከፋ ሞት የለም።

ያው ዋልተር ፎርድ በ1941 ይህንኑ ታሪክ ዳግመኛ፣ አርተር አስኪ በሚባል አስቂኝ ተዋናይ ሠራው፤ ይህኛው ተርፎ ዛሬም ይታያል። ልጆቹም በዚያ ምሽት እርሱን አይተው ሳቁ። ታላቂቱ ግን አልተጽናናችም፤ «አባባ፣ የመጀመሪያውን ማን ሰረቀው?» አለችኝ። ጥያቄዋ ብልህ ነው። የወንጀል መርማሪ ታሪክ ነውና ሌባውን መፈለግ ይገባል።

ሌባው ማን ነው?

የመጀመሪያው ሌባ ፊልሙ ራሱ ነው። እስከ 1951 ገደማ ድረስ የሲኒማ ቤቱ ፊልም የሚሠራው ናይትሬት ከሚባል፣ ከባሩድ ጋር ዝምድና ካለው ነገር ነበር። አንድ ጊዜ ከተያያዘ በውኃ ውስጥ እንኳ አይጠፋም፤ ባይቃጠልም በጊዜ ብዛት ይሟሟል፤ ሙጫ ይሆናል፤ በመጨረሻም ትቢያ ይሆናል። በ1937 በአሜሪካ በኒው ጀርሲ የፎክስ ኩባንያ የፊልም መጋዘን በእሳት ሲጋይ የብዙ ዓመት ሥራ በአንድ ሌሊት ዐመድ ሆነ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለቤት ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ሌባ ንቀት ነው። ይኸኛው ከእሳቱ ይብሳል፤ እሳት በድንገት ይመጣል፣ ንቀት ግን በሰው ፈቃድ ይሠራልና። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ድምፅ የሌለው እንደ አሮጌ ጫማ ተጣለ። ፊልሙን ብርሃን የሚያስይዘው ብር ነውና፣ ብሩን ለማውጣት ብቻ ሥዕሉን አጥበው የሸጡ ብዙዎች ናቸው። የጋዜጣና የመጻሕፍት ቤት ለዘመናት ሲኖር፣ ፊልም የሚጠበቅበት ቤት ግን በእንግሊዝ አገር የተቋቋመው በ1935 ነው፤ ይኸውም የባቡሩ ፊልም ከተሠራ ከ4 ዓመት በኋላ ነው። በፓሪስም ሄንሪ ላንግልዋ ከባልንጀሮቹ ጋር ሲኒማቴክ የሚባለውን የፊልም ቤት ያቋቋመው በ1936 ነው። የአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ድምፅ ከሌላቸው የአሜሪካ ረጃጅም ፊልሞች መካከል 70 በመቶ ያህሉ ፈጽሞ ጠፍተዋል ይላል። የእንግሊዝ የፊልም ተቋምም በ2010 ጠፍተው የሚፈለጉ 75 ፊልሞችን ስም ዝርዝር አውጥቶ ያለው ሰው እንዲያመጣ ለመነ። ሲቀርጹ ሺህ ያወጡ፣ ሲጠብቁ ሳንቲም የሰሰቱ ሰዎች የልጅ ልጆቻቸውን ለልመና ዳረጉ።

በዚህም መካከል ትልቁ ጉዳት በቀልዱ ላይ ወደቀ። ስለ ነገሥታት የተሠራ ፊልም ቢጠፋ የነገሥታቱን ታሪክ ከመጽሐፍ እናገኛለን። ተራ ሰው በ1931 በጣቢያ ቆሞ ምን ብሎ እንደ ቀለደ፣ ባል ሚስቱን ምን ብሎ እንዳባበለ፣ ሻይ የምትቀዳ ሴት ምን ዓይነት ሽርጥ እንደ ታጠቀች ግን የሚጽፍ የለም። ይህን ሁሉ የሚይዘው የሳቅ ፊልም ነው፤ እርሱም ሲጠፋ የዚያ ዘመን ሰው ለእኛ ፊቱን ያዞራል።

በከተማችን ስለሆነው

የእኛስ ነገር? ከልደታ ተነሥቶ በሜክሲኮ አደባባይ በኩል ወደ ለገሃር የሚሄድ ሰው ብሔራዊ ቴአትርን ያገኛል። ይህ ቤት በጣሊያን ወረራ ዘመን ለሲኒማ ተብሎ ተጀምሮ፣ በ1948 ዓ.ም. ተፈጽሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ። ከዚያም በፊት በከተማችን የሲኒማ ቤት ነበረ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱን፣ በቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ የነበረውን፣ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። በጨርቅ ላይ የሞተ ሰው ሲሄድ፣ ባቡርም ወደ ተመልካቹ ሲመጣ ቢታይ፣ ይህ የሰይጣን ሥራ ካልሆነ የማን ይሆናል ብሎ መፍራቱ አያስነቅፍም። ነገሩ ከባቡሩ ታሪክ ጋር ይመሳሰላል፤ በፋል ቬይል የፈሩት ጣረ ሞት ሲመረመር ሰው ሆኖ ተገኘ፤ በአዲስ አበባም የፈሩት ሰይጣን ሲመረመር መብራትና መስተዋት ሆኖ ተገኘ። እኛ ግን ፍርሃቱን ትተን ወደ ሌላው ጥፋት፣ ወደ ቸልታው፣ ገባን።

በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ ኢላላ ኢብሳ «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለውን ፊልም አወጡ። ጥቁርና ነጭ የሆነ፣ በ35 ሚሊሜትር የተነሣ፣ ኢትዮጵያዊ ረጅም ፊልም ሲባል መጀመሪያ ሆኖ የሚጠራ ነው። ዝግጅቱን የመራው ላምብሮስ ዮካሪስ የሚባል የግሪክ ሰው ነበር። በ1960ዎቹ ደግሞ ሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ»ን በቀለም ሠራ፤ ዛሬ በስሙ የተሰየመ የፊልም ሽልማት አለ። እንግዲህ አንባቢዬ ሆይ፣ በቤትህ ያሉትን ወጣቶች ጠይቃቸው፤ የእነዚህን ፊልሞች ስም የሚያውቅ ታገኛለህ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጦ ያየ ግን ስንት ታገኛለህ? ፊልም እንደ መጽሐፍ በእጅ አይገለጥም። መኪናው፣ ጨርቁ፣ የሚያውቀው ሠራተኛም ያስፈልጉታል። እነዚህ በጠፉ ጊዜ ፊልሙ በመደርደሪያ ላይ ቢኖርም ለሕዝብ እንደ ሌለ ይቈጠራል። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽንም በ1991 ዓ.ም. ተዘግቷል።

መልካሙንም መናገር ይገባል። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በአብዮቱ ዋዜማና መባቻ በ16 ሚሊሜትር ያነሡት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ2006 በጣሊያን አገር በቦሎኛ ከተማ የፊልም ቤት ታድሶ፣ ቁስሉ ተጠግኖ ለዓለም እንደ አዲስ ታይቷል። ይህም የሚያስተምረን፣ ፊልም የሚጠፋው ጊዜው ስለ ደረሰ ሳይሆን የሚጠይቀው ሰው ስላጣ መሆኑን ነው። የጠየቁት ግን ይነሣል።

የጸሐፊው ጥፋት

ሌላውን ስወቅስ ራሴን እንዳልሰውር የገዛ ጥፋቴን እናገራለሁ። አክስቴ ያገቡት በ1958 ዓ.ም. ነው። በሠርጉ ቀን አንድ የባለቤታቸው ወዳጅ ትንሽ የ8 ሚሊሜትር ካሜራ ይዞ መጥቶ ነበር። በድንኳኑ ጓሮ ለማግሥቱ የታሰረ አንድ ሙክት ነበረ። ሙክቱ በምን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ተፈትቶ ድንኳን ሲገባ፣ ሙሉ ልብስ የለበሱት ሚዜዎች ሊይዙት ሲሯሯጡ፣ አንዱ ሚዜ በጠጅ በርሜሉ ላይ ሲወድቅ፣ ያ ሰው ሁሉን አነሣው። በፊልሙም መካከል አያቴ ይታያሉ፤ ነጠላቸውን በአፋቸው ይዘው ዕንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ። በቤታችን ያለው የአያቴ ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም እንደ ዘመኑ ልማድ ቀጥ ብለው፣ ፊታቸውን አጥቁረው፣ ለዳኛ የቀረቡ መስለው የተነሡት ነው። አያቴ ሲስቁ የሚታዩበት ሥዕል በዓለም ላይ ያ ፊልም ብቻ ነበር።

ፊልሙን በልጅነቴ ሁለት ጊዜ አየሁት። ከዚያ ወዲያ የፊልም መኪናው ባለቤት ወደ ውጭ አገር ሄደ። አክስቴም ፊልሙን በብስኩት ቆርቆሮ አድርገው፣ ልጆች እንዳይነኩት ከጣራው ሥር ከቁም ሣጥን በላይ አኖሩት። ከ40 ዓመት በላይ በዚያ ኖረ። ማንም አልነካውም፤ ማንም ግን አላየውም።

ከ2001 ዓ.ም. በኋላ በልደታ የነበሩት አሮጌ ቤቶች እየፈረሱ በምትካቸው ፎቆች ሲሠሩ የአክስቴ ቤትም ተነሣ። ዕቃ የማውጣቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። የብስኩቱን ቆርቆሮ በከፈትሁ ጊዜ የኮምጣጤ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። በውስጡም የተጠማዘዘ ጥቁር ነገር አየሁ፤ የተበላሸ ምግብ ወይም የጎማ ቁራጭ መሰለኝ። ሳልጠይቅ ከፍርስራሹ ጋር ጣልሁት። ከሦስት ቀን በኋላ አክስቴ በአዲሱ ቤት ተቀምጠው «ልጄ፣ ያቺ የብስኩት ቆርቆሮዬ የት ናት?» አሉኝ። ሮጬ ሄድሁ፤ መሬቱ ተደልድሎ አገኘሁት።

ሽታው ምን እንደ ሆነ የተማርሁት ከዚያ በኋላ ነው። ናይትሬት ከተተወ ወዲህ ያለው ብዙው ፊልም፣ የቤትም የ8 ሚሊሜትር ፊልም ሳይቀር፣ አሴቴት ከሚባል ነገር የተሠራ ነው። ይህ እንደ ባሩድ አይቃጠልም፤ ነገር ግን ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው በውስጡ አሲድ ይወልዳል፤ አሲዱም የኮምጣጤ አሲድ ነው። ሊቃውንቱ እንደ ለኩት፣ በ20 ዲግሪ ያህል ሙቀትና በመጠነኛ እርጥበት የተቀመጠ ፊልም ይህ ሽታ የሚጀምረው ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ በቆርቆሮ ጣራ ሥር በሚንገበገብ ቤት ግን ቀድሞ ይደርሳል። ሽታው ደግሞ የሞት ምልክት አይደለም፤ የሕመም ምልክት ነው። ያን ጊዜ አዋቂ ዘንድ ቢወሰድ ሥዕሉ ሊገለበጥ ይችል ነበር። እኔ በሽተኛውን ሞቷል ብዬ ቀበርሁት።

የተቀበረ ሁሉ አይጠፋም

ተስፋ እንዳንቈርጥ ግን ሁለት ነገር ልጨምር። በ1928 የዴንማርኩ ካርል ድራየር ስለ ቅድስት ዣን ዳርክ የሠራው ታላቅ ፊልም ዋናው ቅጂ ተቃጥሎ፣ ለ50 ዓመት ያህል ሰው የሚያየው የተቆራረጠውን ብቻ ነበር። በ1981 ግን በኖርዌይ በኦስሎ አቅራቢያ ባለ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል፣ በአንድ የዕቃ ቤት ውስጥ፣ ሙሉው ፊልም በቆርቆሮው እንዳለ ተገኘ። የጀርመኑ ፍሪትስ ላንግ በ1927 ያወጣው «ሜትሮፖሊስ»ም ከተቆረጠ በኋላ ሩብ ያህሉ ለዘላለም ጠፋ ተብሎ ሳለ፣ በ2008 በአርጀንቲና በቦነስ አይረስ የፊልም ሙዚየም ተገኝቶ 25 ደቂቃ ያህል ተመለሰለት። ሁለቱም የተገኙት በባለ ሀብት ግምጃ ቤት አይደለም፤ አንድ ሰው ቆርቆሮውን ከመጣሉ በፊት ከፍቶ ስላነበበ ነው። የባቡሩም ፊልም የቀረው አካሉ በአንድ አሮጌ ቤት አይኖርም ብሎ የሚምል የለም።

ስለዚህ ለቤት እመቤቶችና ለቤት አባቶች ይህን ምክር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በቤት ውስጥ የፊልም ቆርቆሮ፣ የቪዲዮ ወይም የድምፅ ካሴት ካለ፣ በላዩ የማን እንደ ሆነ፣ ዘመኑና ቦታው ይጻፍበት። ስም የሌለው ቆርቆሮ አሳዳጊ እንደ ሌለው ልጅ ነው፤ የሚያገኘው ሁሉ ይገፋዋል።

ሁለተኛ፣ ከጣራ ሥርና ከምድጃ አጠገብ ይራቅ፤ በክረምትም ውኃ ከሚያንጠባጥብበትና ከወለል ላይ ይነሣ። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ነውና፣ ፀሐይ የማያገኘው ደረቅ ክፍል ለፊልም መልካም ቤት ነው።

ሦስተኛ፣ ኮምጣጤ የሸተተ ፊልም አሲዱ ወደ ሌሎቹ ይጋባልና ከእነርሱ ይለይ፤ ትንፋሽ በማያሳልፍ ዕቃም አይታፈን። የተጣበቀውን በጉልበት መዘርጋት፣ በአሮጌ መኪና ላይም መሞከር ፊልሙን ይቀደዋል። አስቀድሞ አዋቂ ይየው።

አራተኛ፣ 35 ሚሊሜትር የሆነና ከ1943 ዓ.ም. በፊት የተሠራ የሲኒማ ፊልም በቤት የተገኘ እንደ ሆነ፣ ናይትሬት ሊሆን ስለሚችል እሳትና ሲጋራ ይራቁት፤ ሳይውል ሳያድርም ለሚመለከተው ባለሙያ ይነገር።

አምስተኛ፣ ካሴቱ ከመድከሙ በፊት ይገልበጥ፤ አንዱ ቅጂ በቤት፣ ሁለተኛው በሌላ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። በስልክ የተነሣም ቢሆን እንዲሁ ነው። ስልክ ይወድቃል፤ ይሰረቃል፤ የልጅ ክርስትናም አብሮት ይሄዳል። ብዙ ሥዕል ካለ ሁሉን ለመጠበቅ ከመድከም፣ ቤተ ሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ ተሰብስቦ አሥሩን መርጦ ስም ይጻፍለት።

ስድስተኛ፣ ከሁሉ የሚበልጠው፣ የተጠበቀው ነገር ይታይ። አክስቴ ፊልሙን በፍቅር ቈልፈውት ነበር፤ መቈለፋቸው ግን እኔ እንዳላውቀው አደረገኝ፤ ባለማወቄም ጣልሁት። ልጆች በየዓመቱ ቢያዩት ኖሮ ማንም እጁን አያነሣበትም ነበር።

በዚያ የግንቦት ልደታ ዋዜማ፣ የባቡሩን ፊልም አይተን ከጨረስን በኋላ፣ ታላቂቱ ልጅ ስልኳን ወደ አክስቴ መልሳ «እማማ፣ እንግዲያው እርስዎ ስለ ሠርግዎ ያጫውቱን፤ እኔ ላንሣ» አለቻቸው። አክስቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ሁሉን አወሩ፤ ድንኳኑን፣ ጠጁን፣ ሚዜዎቹን፣ የእናታቸውን ሳቅ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ።

«ሙክቱን የፈታው ማን እንደ ሆነ ታውቃለህ?» አሉኝ።

እኔም የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ የሠራሁትን፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለማንም ያልተናገርሁትን አሰብሁና ዝም አልሁ።

«በፊልሙ ጥግ ላይ ገመዱን ይዘህ ትታይ ነበር፤ ባየሁት ቍጥር እስቅ ነበር» አሉኝ።

ልጆቹ በሳቅ ወደቁ። እንግዲህ እኔ የወንጀሌን ብቸኛ ማስረጃ በገዛ እጄ የጣልሁ ሰው ነኝ፤ መርማሪም አላስፈለገኝም። ደግነቱ ምስክሩ በሕይወት አሉ፤ ቃላቸውም ተቀርጾ፣ ስሙና ዘመኑ ተጽፎበት በሁለት ቤት ተቀምጧል። የአያቴ ሳቅ ግን አልተመለሰም።

ብልህ በሌላው፣ ሞኝ በራሱ ይማራል ይባላል። እኔ በራሴ ተምሬአለሁ፤ የተከበሩ አንባቢዎቻችን በእኔ ይማሩ ዘንድ ምኞታችን ነው። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትነሡ ወደ ቁም ሣጥኑ ሂዱና ከላይ ያለውን ቆርቆሮ አውርዳችሁ ክፈቱት። ኮምጣጤ ቢሸት አትጣሉት፤ በውስጡ እናታችሁ እየሳቁ ይሆናል።